ርችት ከመግዛትዎ በፊት

ለገና ዋዜማ ርችት ሊገዙ አስበዋል? መጀመሪያ የሰፈርዎን ውሾች ያስቡ። የውሻ ጆሮ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ጭምር ይሰማል። ከየት እንደመጣ ያላወቀው ፍንዳታ ሲደጋገምበት ይንቀጠቀጣል፤ አጥር ዘሎ ሲሮጥ መኪና የሚገጨውም አለ። በሰንሰለት የታሰረ ከሆነ ለማምለጥ ሲታገል ሊታነቅ ይችላል። እርስዎ ባይተኩሱ ጎረቤት ይተኩሳልና፣ ውሻ ካለዎት ሳይመሽ ፈትተው ቤት ያስገቡት፤ መስኮቱን ዘግተው ሬዲዮ ይክፈቱ። የሰው ማስታገሻ ክኒን ግን በፍጹም አይስጡት።

ቤትዎ ሐይቅ ወይም ትልልቅ ዛፎች አጠገብ ነው? እንግዲያው ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጨረሻ ሌሊት፣ በአሜሪካ አርካንሳው ግዛት ቢቢ በምትባል ትንሽ ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ሞተው ከሰማይ ወደቁ። ርችት ካደሩበት ዛፍ አስደንብሯቸው ነበር። በጨለማ አጥርተው ስለማያዩ ከቤትና ከዛፍ ጋር እየተላተሙ አለቁ። በኔዘርላንድስም የአየር ጠባይ ራዳር በአዲስ ዓመት እኩለ ሌሊት ወፎች እስከ 500 ሜትር ከፍታ ሲሸሹ አሳይቷል። በገና ሰሞን የእኛ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው በመጡ ወፎች የተሞሉ ናቸው። በእነዚያ ሐይቆች ዳር ርችት መተኮስ ለእኔ ግፍ ነው።

ያ የሚያምረው ቀለምስ? ቀዩ ስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ባሪየም፣ ሰማያዊው መዳብ ነው። ብልጭታው ሲጠፋ ብናኙ አፈርና ውኃ ላይ ያርፋል። ርችቱ በኃይል እንዲነድ የሚጨመረው ፐርክሎሬት ደግሞ በውኃ ይሟሟል፤ ሲበዛ የእንቅርት ዕጢ አዮዲን እንዳያገኝ ያግዳል። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ላስለመደው አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኦክላሆማ፣ አዳ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ሐይቅ ላይ ርችት ከተተኮሰ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ የፐርክሎሬቱ መጠን ከወትሮው እስከ 1,028 እጥፍ ጨምሮ ተለክቷል።

ሻጩ «ድምፁ ዝቅ ያለ አለኝ» ቢልዎት፣ ለእንስሳቱ ይሻላል፤ ጭሱና ብናኙ ግን አይቀርም።

ምክሬ አይግዙ ነው። አስቀድመው ገዝተው ከሆነ ለጎረቤቶችዎ በጊዜ ይንገሩ፤ ከውኃና ከዛፍ ይራቁ። ሲነጋም ፍየልና ላም ሳይበላው የወደቀውን ላስቲክና ካርቶን ይልቀሙ።