በፕሮግራም የሚታረምና የማይታረም ስህተት፦ የስዌርቭ ሞጁል ንድፍና የማሽን ሥራ

1. መግቢያ

ስዌርቭ በመባል የሚታወቀው የሮቦት መንጃ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ በአራት ሞጁሎች ላይ ይቆማል። በእያንዳንዱ ሞጁል አንድ ሞተር ጎማውን ያሽከረክራል፤ ሌላው ሞተር ደግሞ ጎማውን በቋሚ ዘንግ ዙሪያ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ያዞራል። በመሆኑም ሮቦቱ ፊቱን ሳይመልስ ወደ ጎንና በሰያፍ ሊጓዝ፣ እየተጓዘም በራሱ ዙሪያ ሊዞር ይችላል። በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተጀመረው የፈርስት ሮቦቲክስ ውድድር የሚሳተፉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቡድኖች ይህን ሥርዓት በስፋት ይጠቀማሉ። ብዙዎቹ ሞጁሉን ተዘጋጅቶ ይገዙታል። በራሳቸው ወርክሾፕ ለመሥራት የሚነሡ ቡድኖች ግን አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ ውስን የሆነው የማሽን ትክክለኛነትና ጊዜ በየትኛው ክፍል ላይ መዋል አለበት?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለጥያቄው መልስ መስጠት ነው። መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ ስህተቶችን በፕሮግራም ሊታረሙ በሚችሉና በማሽን ብቻ ሊታረሙ በሚችሉ መክፈል ያስፈልጋል፤ ጥንቃቄው ሁሉ በሁለተኞቹ ላይ መዋል ይኖርበታል።

2. በፕሮግራም የሚታረሙ ስህተቶች

የመጀመሪያው የዜሮ ማዕዘን ስህተት ነው። አንድ ጎማ ከሌሎቹ በ1 ዲግሪ ተዛንፎ ሮቦቱ በሴኮንድ 4 ሜትር ቢጓዝ፣ ያ ጎማ በሴኮንድ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይንሸራተታል። ጎማው ይበላል፤ ሞተሮቹም እርስ በርስ ይታገላሉ። ይሁን እንጂ ይህ መዛነፍ ቋሚ ነው። ቀጥ ያለ ብረት በሁለት ጎማዎች ጎን አስደግፎ የኢንኮደሩን ንባብ መመዝገብና ከእያንዳንዱ ልኬት ላይ መቀነስ ይበቃል። ስለዚህ ኢንኮደሩ የተገጠመበት ማዕዘን ትክክል እንዲሆን በማሽን መድከም አያስፈልግም።

ሁለተኛው የመሪና የመንጃ መተሳሰር ነው። የመንጃው ኃይል በቋሚ ዘንግ ወርዶ በሾጣጣ ማርሽ ወደ ጎማው በሚተላለፍበት ንድፍ፣ መንጃው ሞተር ቢቆምም እንኳ መሪው ሲዞር ጎማው ይንከባለላል። የሾጣጣዎቹ ጥርሶች 15 እና 45 ቢሆኑ፣ መሪው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ጎማው አንድ ሦስተኛ ዙር ይሽከረከራል። የጎማው ዲያሜትር 100 ሚ.ሜ. ከሆነ፣ የ90 ዲግሪ መዞር ብቻ 26 ሚ.ሜ. ያህል የሐሰት ጉዞ ያስመዘግባል። ይህም ጥምርታው ስለሚታወቅ በአንድ መስመር ስሌት ይወገዳል።

3. በፕሮግራም የማይታረም ስህተት

በመሪው ማርሾች መካከል ያለው ልቅነት ከዚህ የተለየ ነው። የጥርስ ሞጁላቸው 1 የሆነ፣ 20 እና 60 ጥርስ ያላቸው ሁለት ማርሾች ቢጣመሩ የማዕከሎቻቸው ርቀት 40 ሚ.ሜ. ይሆናል። የግፊት ማዕዘኑ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ ይህ ርቀት በ0.3 ሚ.ሜ. ቢሰፋ በጥርሶቹ መካከል 0.22 ሚ.ሜ. ያህል ተጨማሪ ልቅነት ይፈጠራል፤ በትልቁ ማርሽ ላይ ወደ 0.4 ዲግሪ ይተረጎማል። ርቀቱ ቢጠብ ደግሞ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ።

ኢንኮደሩ በመጨረሻው ዘንግ ላይ ቢገጠም ልቅነቱን ያያል እንጂ አያጠፋውም። ሞተሩ ክፍተቱን እስኪያቋርጥ ድረስ ጎማው አይታዘዝም፤ ሲታዘዝም ከዒላማው ያልፋል። ፕሮግራሙ እርማቱን ባጠነከረ ቁጥር ጎማው በዒላማው ግራና ቀኝ ይወላውላል።

ይህን የተረዳነው በስህተት ነው። በመጀመሪያው ሙከራችን የላይኛውንና የታችኛውን የአሉሚኒየም ፕሌት ለየብቻ በሞርሳ አስረን በሳናቸው። ብሎኖቹ ሲጠብቁ መሪው በእጅ አልዞር አለ፤ ሲላሉ ዞረ። ተማሪዎቹ ቀዳዳዎቹን በሞረድ አስፍተው ገጠሙት፤ በጠረጴዛ ላይም ያለ ችግር ዞረ። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ጎማው መወላወሉን አላቆመም። ብዙ ምሽቶችን የቁጥጥር ቁጥሮችን በመቀያየር ካሳለፍን በኋላ ፕሌቶቹን ጥለን እንደገና ጀመርን።

4. የማሽን ሥራው ቅደም ተከተል

መሪው በሁለት 6807 ኩሽኔታዎች (35 በ47 በ7 ሚ.ሜ.) ይያዛል፤ እያንዳንዱ ፕሌት 10 ሚ.ሜ. ውፍረት አለው። በሁለተኛው ሙከራ የተከተልነው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ሁለቱ ፕሌቶች ተደራርበው በአንድ ጊዜ ይታሰራሉ። ሳይፈቱም የፒን ቀዳዳዎቹ፣ የማርሽ ዘንጎቹ ቀዳዳዎችና 44 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ዋናው ቀዳዳ አብረው ይበሳሉ።

ለ) በእጅ በሚሠራ ፍሬዛ ላይ ገበታው ወደ እያንዳንዱ ነጥብ ዘወትር ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይቀርባል። ይህ የማሽኑ የራሱ ብሎን ልቅነት ወደ ሥራው እንዳይተላለፍ ያደርጋል።

ሐ) ፕሌቶቹ ከተለያዩ በኋላ የእያንዳንዱ ዋና ቀዳዳ ማዕከል በዳያል ኢንዲኬተር ይፈለጋል፤ ከዚያም 7 ሚ.ሜ. ጥልቀት ያለው የኩሽኔታ መቀመጫ ይከፈታል። ለኤች 7 ግጥሚያ የመቀመጫው ዲያሜትር ከ47.000 እስከ 47.025 ሚ.ሜ. ባለው ወሰን ውስጥ መሆን አለበት።

መ) የፕሌቱ ውጫዊ ቅርጽና የማቅለያ ክፍተቶቹ በመጨረሻ ይቆረጣሉ፤ በእነዚህ ላይ የ0.5 ሚ.ሜ. ስህተት ጉዳት የለውም። ባለ 6 ሚ.ሜ. ሁለት ስለት የካርባይድ መቁረጫ በደቂቃ 2500 ዙር ሲሽከረከር፣ ለአንድ ስለት 0.05 ሚ.ሜ. ሂሳብ የገበታው ፍጥነት በደቂቃ 250 ሚ.ሜ. ይሆናል። አሉሚኒየም በስለቱ ላይ እንዳይጣበቅ ፍቅፋቂውን ማስወገድና ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጠቀም ግድ ነው።

5. ማጠቃለያ

ለተጠናቀቀ ሞጁል የምንሰጠው ፈተና ቀላል ነው፦ ብሎኖቹ ሁሉ ጠብቀው መሪው በጣት መዞር አለበት፤ የመሪው ሞተር ታስሮ ሲያዝም ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ ክፍተቱ በቀላሉ የሚሰማ መሆን የለበትም። ሁለቱን በአንድነት የሚያሟላ ሞጁል የማዕከል ርቀቱ ትክክል ነው። አንዱን ብቻ የሚያሟላ ሞጁል ወደ ፕሮግራም አዘጋጆቹ ሳይሆን ወደ ፍሬዛው መመለስ ይኖርበታል። አነስተኛ ወርክሾፕ ሁሉንም ክፍል በከፍተኛ ትክክለኛነት ሊሠራ አይችልም፤ በአንድ እስር የሚበሱትን ጥቂት ቀዳዳዎች ግን በትክክል ሊሠራ ይችላል። የሞጁሉም ጥራት የሚወሰነው በእነዚያ ነው።