የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

የምንጭ ውሃ ጠርቶ ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ። ከነዚህ አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ይባላል። 1,000 ያህል ባክቴሪያ ቢሰለፍ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ብዙዎቹ አይጎዱንም። ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጡት አንዳንዶቹ ግን ተቅማጥን፣ ታይፎይድንና ኮሌራን ያመጣሉ።

ታዲያ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ምንጭ እንዴት ይደርሳሉ? በራሳቸው ሩቅ አይሄዱም። የሚሸከማቸው ውሃ ነው። ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ ያገኘውን ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል።

አፈር እንደ ማጥለያ ነው። ደቃቅ አፈር ውሃውን ቀስ አድርጎ ያሳልፋል። ባክቴሪያው ከአፈሩ ጋር ይጣበቃል፤ ብዙው እዚያው ይሞታል። ማጥለያው ከተቀደደ ግን አተላው ያልፋል። የተሰነጠቀ ዐለት እንደ ተቀደደ ማጥለያ ነው።

የእንጦጦን ተራራ እንመልከት። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ዐለቱ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ስንጥቅ አለበት። በዳገቱ ላይ አፈሩ ስስ ነው። እዚያ የጣለው ዝናብ ከፊሉ በቀበና ወንዝ ይወርዳል። ከፊሉ በስንጥቁ ሰርጎ ከታች በየካ በኩል በምንጭና በጉድጓድ ይገኛል። ሌላውም በምድር ውስጥ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ይጓዛል። ላይ ያለው ሰው የጣለውን ታች ያለው ሊጠጣው ይችላል።

ይህ ነገር በሌላም አገር ደርሷል። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የወጣ ቆሻሻ በአፈር ውስጥ ሾልኮ ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ገባ። በመካከላቸው 1 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሰዉ ውሃውን ጥሩ ነው እያለ ይወደው ነበር። በ10 ቀን ውስጥ ከ500 የሚበልጥ ሰው በኮሌራ ሞተ። በአዲስ አበባም በ2008 ዓ.ም. አተት ገብቶ ነበር። አተትም በተበከለ ውሃና ምግብ ይተላለፋል።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

1. መጸዳጃ ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ይህ 40 እርምጃ ያህል ነው። ዐለቱ ስንጥቅ ከሆነ ከዚህም ይበልጥ ይራቅ።
2. መጸዳጃው ከውሃው በላይ አይቆፈር፤ ቁልቁል በኩል ይሁን። ውሃ እስኪወጣም አይጠለቅ።
3. ምንጩ ይታጠር፤ ከብት አይግባበት። ጎርፍ እንዳይገባበትም ከበላዩ ቦይ ይውጣለት።
4. የሚጠጣ ውሃ እስኪንተከተክ ይፈላ። ከዚያም ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። የሚወስደው ግን የሞላ ወንዝ ብቻ አይደለም። በጣሳ የተቀዳ ጥሩ ውሃም ሊወስድ ይችላል።

ጥያቄዎች

ሀ. ባክቴሪያን በአፈር ውስጥ የሚሸከመው ምንድን ነው?
ለ. ስንጥቅ ዐለት በምን ይመሰላል? ለምን?
ሐ. የእናንተ መጸዳጃ ከምትቀዱበት ውሃ ስንት እርምጃ ይርቃል? ከበላዩ ነው ወይስ ከበታቹ? ሄዳችሁ ለኩ።