በአሮጌ ኮምቢ መኪና ላይ የነዳጅ መስመር አዘረጋግና የግፊት ሬጉላተር አገጣጠም

መግቢያ

ቮልስዋገን ኮምቢ ጀርመን ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሁለተኛው ትውልድ ከ1967 እስከ 1979 እዚያው ጀርመን ሲሠራ ቆይቶ፣ በብራዚል ደግሞ እስከ 2013 ድረስ ተመርቷል። እነዚህ መኪኖች ዕድሜያቸው የገፋ ቢሆንም ሞተራቸው ቀላል ስለሆነ ዛሬም እየተጠገኑ ይሄዳሉ። ሆኖም አንድ ትልቅ ጠላት አላቸው፤ እሱም እሳት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው። የነዳጅ ታንኩም ከሞተሩ ክፍል የሚለየው በአንድ ላሜራ ብቻ ነው። በተጨማሪም በአየር የሚቀዘቅዘው የተለመደው 1600 ሞተር አካሉ የተሠራው ከማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ፣ አንዴ ከተያያዘ በቀላሉ አይጠፋም። ሹፌሩ ፊት ለፊት ስለሚመለከት ጭሱን የሚያየው ዘግይቶ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ግን የተቀመጡት ለእሳቱ ቀርበው ነው። ስለዚህ የጎማ ቱቦና የሬጉላተር ጉዳይ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከወዲሁ መገንዘብ ያስፈልጋል።

1. መስመሩን ስለ መዘርጋት

ከታንኩ የሚወጣው ነዳጅ በብረት ቧንቧና በጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ብረቱ ረጅሙን መንገድ ይሸፍናል። ጎማው የሚገባው ግን ሞተርና ቦዲ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥ እዚያ ላይ ተጣጣፊ ነገር የግድ ያስፈልጋል። "ለምን ሁሉንም በጎማ አንጨርሰውም?" የሚል ይኖራል። ጎማ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ ድንጋይም ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጎማው ባጠረ ቁጥር አደጋው ይቀንሳል።

ቧንቧው ላሜራውን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት መኖር አለበት። ቀለበቱ ከሌለ የላሜራው ጠርዝ ቧንቧውን እንደ መጋዝ ቀስ በቀስ ይበላዋል። መስመሩ ከማርሚታ፣ ከዲስትሪቡተርና ከካንዴላ ሽቦዎች መራቅ አለበት። የፕላስቲክ ፊልትሮ በሞተር ክፍል ውስጥ በካርቡሬተሩ አጠገብ ማንጠልጠል የተለመደ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ክብደቱ ከንዝረቱ ጋር ሆኖ በካርቡሬተሩ ላይ በግፊት ብቻ የገባችውን የነሐስ አፍ ሊነቅላት ይችላል። ፊልትሮው ከፖምፓው በፊት፣ ከሞተሩ ክፍል ውጭ ቢሆን ይሻላል።

የጎማው ልክም ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በፋብሪካው አሠራር 6 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ የሚገባው 5.5 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ጎማ ነው። ሩብ ኢንች የሚባለው 6.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይላላል፤ ማሰሪያውን እያጠበቁ መታገልም መፍትሔ አይሆንም። ለኢንጀክሽን ሞተር ደግሞ ከፍተኛ ግፊት የሚችል፣ ጄ30አር9 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ያስፈልጋል። በካርቡሬተር ጎማ ኢንጀክሽን መሥራት እሳትን መጋበዝ ነው።

ስለ ነዳጁ ዓይነትም አንድ ነገር እናንሳ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኢታኖል ለእሱ ያልተሠራን የቆየ ጎማ ያለሰልሳል፣ ያሳብጣል፣ በኋላም ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከውጭ ደህና የሚመስለውን ጎማ አጥፎ ማየት፣ ሲጫኑት ከተሰነጠቀ ወይም ከላብ ያለፈ እርጥበት ካሳየ መጣል ነው።

2. ሬጉላተሩ የት ይቀመጣል?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው።

ሀ/ በካርቡሬተር ሞተር፦ ካርቡሬተሩ የሚፈልገው 0.2 እስከ 0.3 ባር ያህል ብቻ ነው። በውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ መርፌዋን ገፍታ ነዳጁን የምትዘጋው በራሷ አቅም ነው። ግፊቱ ከአቅሟ በላይ ከሆነ መርፌዋ አትዘጋም፤ ቤንዚኑ ሞልቶ በትኩስ ሞተር ላይ ይፈስሳል። እዚህ ሬጉላተሩ ከፖምፓው በኋላ፣ ከካርቡሬተሩ በፊት ይገባል። የሞተሩ የራሱ መካኒካል ፖምፓ ደህና ከሆነ ግን ሬጉላተር ጭራሽ አያስፈልግም። አስፈላጊ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ሲገጠም ነው።

ለ/ በኢንጀክሽን ሞተር፦ ለአሜሪካ ገበያ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ኮምቢ ኤል ጄትሮኒክ የሚባል ኢንጀክሽን ይዞ ይመጣ ነበር። የዚህ ግፊት 2.5 ባር ነው። ሬጉላተሩ የሚቀመጠው ከኢንጀክተሮቹ በኋላ፣ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው። ሥራው ትርፉን ወደ ታንኩ እየመለሰ ከኋላ ግፊት መያዝ ነው። ስለዚህ የመመለሻው መስመር ከታጠፈ ወይም ከተደፈነ ግፊቱ ያለ ልክ ይወጣል።

ከዚህ ሬጉላተር ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ የምትሄድ ቀጭን የቫኩም ቱቦ አለች። ይቺን ቱቦ አንዳንዱ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ይደፍናታል። በስሌት እንየው። በሚኒሞ ጊዜ ማስገቢያው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር 0.5 ባር ያህል ያነሰ ነው እንበል። ቱቦዋ ካለች የመስመሩ ግፊት ወደ 2.0 ይወርዳል፤ ልዩነቱ 2.5 እንደሆነ ይቆያል። ከሌለች ግን ልዩነቱ 3.0 ይሆናል። የሚረጨው ነዳጅ ከግፊቱ ልዩነት ካሬ ሥር ጋር ስለሚሄድ፣ 3.0 ለ2.5 ተካፍሎ ካሬ ሥሩ 1.095 ይመጣል። ይህ ማለት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ ቤንዚን ነው።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቫኩሙም ያንሳል። በሚኒሞ ጌጁ ከ2.0 ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያነብ ወዲያው ሬጉላተሩን መወንጀል አይገባም። በከፍታ ቤንዚን በቀላሉ እንደሚፈላም መርሳት የለብንም። የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከሩቅ ከሚስብ ከታንኩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ቢገፋ አረፋ አይፈጥርም።

3. አገጣጠምና ፍተሻ

ለካርቡሬተር የሚገባው ሬጉላተር በቦዲው ላይ በላሜራ ማቀፊያ በቡሎንና በማይፈታ ዳዶ ይታሰር እንጂ በጎማ ቱቦ ላይ አይንጠልጠል። ከዚያ የሚከተለውን ቅደም ተከተል መያዝ ጥሩ ነው።

1ኛ/ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገብ ማስቀመጥ።
2ኛ/ ምንም ሳይቀየር በፊት ግፊቱን በጌጅ መለካት።
3ኛ/ ጎማዎቹን ቀይሮ ጫፋቸውን ክብ በሆነ የቱቦ ማሰሪያ ማጥበቅ።
4ኛ/ ሬጉላተሩን ገጥሞ እንደገና መለካት፣ ማስተካከል።
5ኛ/ ሞተሩን አስነስቶ በደንብ እስኪሞቅ መጠበቅ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ወረቀት መንካት።

የኤሌክትሪክ ፖምፓ የገጠመ ሰው ሞተሩ ሲቆም ፖምፓው የሚቆምበትን መንገድ ማበጀት አለበት። ኤል ጄትሮኒክ ላይ አየር መለኪያው ውስጥ ያለ ኮንታክት ይህን ይሠራል፤ አየር ካልገባ ፖምፓው አይሠራም። በካርቡሬተር ላይ በዘይት ግፊት ስዊችና በሪሌ ማድረግ ይቻላል። ያለዚህ መኪናው ተጋጭቶ ቱቦው ቢበጠስ ፖምፓው ቤንዚኑን በእሳት ላይ መርጨቱን ይቀጥላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው ሬጉላተር መጥፎ መስመርን አያድንም። መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ መስመሩን ማስተካከል፣ በመጨረሻም አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ሬጉላተር መግጠም ነው ትክክለኛው መንገድ። ደንበኛው "ሬጉላተር ግጠምልኝ" ብሎ ሲመጣ፣ ጎማውን አጥፎ ሳያይ ቁልፍ የሚያነሳ መካኒክ ሥራውን ከመሃል ጀመረ ማለት ነው። የጎማ ዋጋ ከኮምቢው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ከኋላ ከተቀመጡት ሰዎች ሕይወት ጋር ደግሞ ጨርሶ አይወዳደርም።