የዘሪው ምሳሌ እና ገና ያልመጣው ዘመን



ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በተላከ ጊዜ ንግግሩን በክስ አልጀመረም። የድኻውን አንዲት በግ ስለ ነጠቀ ባለጠጋ ተረከለት። ንጉሡ ተቈጥቶ በባለጠጋው ላይ ከፈረደ በኋላ ግን የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ተረዳ (2ኛ ሳሙ. 12)። የምሳሌ ኃይሉ ይህ ነው፤ ያልሆነውን ተርኮ የሆነውን ያሳያል። ገና ያልመጣን ዘመን በአሳባቸው ፈጥረው የሚጽፉ ደራስያንም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ስለ ፍጥረት ጥበቃ ምን ሊያስተምሩን እንደሚችሉ በአንድ መጽሐፍ እንመልከት።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኦክታቪያ በትለር (1947–2006 እ.ኤ.አ.) በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ ልብ ወለድ አሳተመች። ርእሱንም ከወንጌል ወስዳ «የዘሪው ምሳሌ» አለችው። ታሪኩ የሚጀምረው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን ጊዜ ሩቅ ይመስል የነበረው ዓመት ዛሬ አልፎናል። በካሊፎርኒያ ዝናም ብርቅ ሆኗል፤ ውኃ ከቤንዚን ይልቅ ተወዷል። የ15 ዓመቷ ልጃገረድ ሎረን በግንብ በታጠረ ሰፈር ትኖራለች። ጎረቤቶቿ በጓሯቸው አትክልት ያለማሉ፤ ኦክ ከተባለው ዛፍ ፍሬ ዳቦ ይጋግራሉ። ብዙዎቹ ግን ያለፈው ደግ ዘመን ይመለሳል ብለው በግንባቸው ይታመናሉ። እርሷ ስለሚበሉ ዕፀዋት ታጠናለች፤ ዘርም በከረጢት ታዘጋጃለች። በኋላ ግንቡ ተጥሶ ሰፈሩ ይቃጠላል። የተረፉት ወደ ሰሜን በእግራቸው ተጉዘው አዲስ መሬት ሲደርሱ፣ ለሙታናቸው መታሰቢያ የዚያኑ ዛፍ ፍሬ ይተክላሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ግንብ የተወሰኑትን ለጊዜው ይከልላል፤ ዘር ግን የሚመጣውን ትውልድ ይመግባል። ፈርዖን ያየውን ሕልም የፈታው ዮሴፍም ፍቺውን ተናግሮ ዝም አላለም፤ በጥጋቡ ዘመን እህል እንዲከማች መከረ (ዘፍ. 41)። ሁለተኛ፣ ሎረን ስለሚመጣው መከራ ተናግራ ጓደኛዋን ባስደነገጠች ጊዜ፣ ሰባኪ የሆነው አባቷ ሰዎችን ከማስፈራራት ማስተማር እንደሚሻል ይመክራታል። ይህ ምክር ለእኛ ለመምህራን የተሰጠ ያህል ነው። የፈራ ሰው ጆሮውን ይደፍናል፤ የተማረ ሰው ግን ችግኝ ይዞ ይነሣል።

ይሁን እንጂ ሁሉን መርምረን መልካሙን ልንይዝ ይገባል (1ኛ ተሰ. 5፡21)። ሎረን እግዚአብሔር ራሱ ለውጥ ነው የሚል የራሷን እምነት ትመሠርታለች። ይህን አንቀበልም፤ በእርሱ ዘንድ መለዋወጥ እንደሌለ ሐዋርያው ያዕቆብ አስተምሮናልና (ያዕ. 1፡17)። የሚለወጠው ልባችን ነው።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ር.ሊ.ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የምድርን ጩኸትና የድኾችን ጩኸት በአንድነት እንድንሰማ አሳስበውናል። እኛም ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በሰሜኑ ደጋችን ዙሪያው ሲራቆት፣ አገር በቀሉ ደን በብዙ ቦታ ተጠብቆ የቆየው በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። አባቶቻችን ጥላውን ለማያዩት ልጆች አቆዩት። እኛስ ለማን እናቈያለን?

ለውይይት፤
1. በቁምስናችን እንደ ግንብ የምንታመንበት ነገር ምንድር ነው?
2. ልጆችን ሳናስፈራ ስለ ፍጥረት ጥበቃ እንዴት እናስተምራቸው?
3. እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ በግቢያችን ምን ተክለን፣ ማን ይንከባከበው?

ዘሩን የሰጠን ጌታ ልባችንን መልካም መሬት ያድርግልን። አሜን።