ከዋግ ተነስቶ ባሕር ዳርቻ፦ ጥንዶች ከመወሰናችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ሠርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ አልፎ ሙሽሮች ስለ ጫጉላ ሽርሽር ሲመካከሩ ወሬው ሁሉ አሸዋውና ሆቴሉ ነው። ዛንዚባር ይሻላል ወይስ ሞምባሳ? ክፍሉ ባሕሩን ያሳያል? ደርሰው የተመለሱት የሚያወሩት ግን ሌላ ነው። ባሕሩ አስከፋኝ የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ጨዋታው የሚደምቀው ከአውሮፕላን ወርደው አልጋ እስኪያገኙ ስላሳለፉት ሰዓት ሲነሳ ነው። ካርዱ እምቢ ብሏል፣ ሻንጣው ቀርቷል፣ ሆቴሉ ስማችሁን አላገኘሁም ብሏል፣ ባልና ሚስት ሰው ፊት ተኮራርፈዋል። ስለዚህ ባሕሩን ከመምረጣችሁ በፊት የመጀመሪያዋን ቀን መርምሩ። ያችን ቀን የምትችሏት ከሆነ የቀረው ይቀልላል።

በዋግ ስላሉት ስለ ሰሃላና ስለ ሰቆጣ ሰው የባሕር ሽርሽር መጻፍ ለአንዳንዱ ድፍረት ይመስል ይሆናል። በ2016 ዓ.ም ድርቅ ከብት የፈጀበት፣ በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ሰው የተፈናቀለበት አገር ነው። ግን ያው አገር ዕቁብ የሚጥሉ መምህራን፣ ነርሶችና ነጋዴዎች አሉት፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ኖረው ለሠርጋቸው ዋግ የሚመጡ ልጆችም አሉት። እነሱም ይጓዛሉ። የጉዞ ድርጅቶች ማስታወቂያ የሚጻፈው ግን ጉዞው ቦሌ የሚጀምር አስመስሎ ነው።

የመጀመሪያው መድረሻ አዲስ አበባ ነው

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ቅርብ የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ የላሊበላው ነው። ከሰሃላ ለሚነሳ ደግሞ ሰቆጣ መድረሱ ራሱ አንድ ጉዞ ነው፤ በክረምት ጎርፉና ጭቃው ቀኑን ይበሉታል። በዚህ ላይ ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ በአማራ ክልል መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል፤ የላሊበላ በረራም የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ከዓለም አቀፉ በረራ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር ትችላላችሁ? ዘመድ ቤትም ቢሆን ይሁን። የላሊበላውንና የዛንዚባሩን ትኬት ለየብቻ ገዝታችሁ የመጀመሪያው ቢሰረዝ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም። በአንድ የትኬት ቁጥር ተያይዘው ከተገዙ ግን ቀጣዩን በረራ ማስተካከል የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ትኬት ቆራጩን ሁለቱ በአንድ ቁጥር መያያዛቸውን አስረግጣችሁ ጠይቁት፤ «አይዟችሁ፣ ይደርሳል» የሚለው መልስ አይበቃም።

ሰዓቱንም አጣሩ። ትኬቱ ላይ ማክሰኞ 00፡20 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 6፡20 ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ጎትቶ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ ሆኖታል። ወሩና ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከሥራ ፈቃድ ስትጠይቁ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ጻፉ።

ሠርጋችሁ መቼ ነው?

የእኛ የሠርግ ወቅት ሁለት ነው፦ ጥርና ከፋሲካ ማግስት። የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻም ሁለት የዝናብ ወቅት አለው። ረጅሙ ዝናብ፣ እነሱ «ማሲካ» የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። አጭሩ ኅዳርን ይዞ ይመጣል። የጥር ሙሽሮች እንግዲህ ዕድለኞች ናቸው፤ ጥር ደረቅና ፀሐያማ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ፈረንጁም ያኔ ይመጣል። ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ የሚያገቡት ልክ በዝናቡ ውስጥ ይገባሉ። ሆቴሉ በግማሽ ዋጋ የተገኘው ባለቤቱ ቸር ስለሆነ አይደለም። አንዳንዱ ሆቴል በዚያ ወቅት ጭራሽ ይዘጋል። የፋሲካ ሙሽሮች ከሆናችሁ ሽርሽሩን ወደ ሰኔና ሐምሌ ግፉት፤ እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ዝናቡም ያባራል።

ጾሙንም አስቡበት። ዛንዚባር ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ በረመዳን ቀን ቀን አደባባይ መብላት ነውር ነው፣ ብዙ ምግብ ቤትም ይዘጋል። በ2018 ዓ.ም የዐቢይ ጾምና የረመዳን መግቢያ የካቲት ውስጥ በአንድ ሳምንት ገጥሟል። ለሚጾም ጥንድ እንዲያውም ምቹ ነው የሚል አለ፤ እኔ ግን ጫጉላውን በጾም የሚያሳልፍ ሙሽራ ምን እንደሚያስብ አላውቅም።

ወረቀት

ፓስፖርቱ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀረዋል? አዲስ የሚያወጣ ሰው ወራት ቀድሞ ይጀምር፤ ለመደበኛው የሚከፈለው ከ2016 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ 5,000 ብር ነው፣ በአስቸኳይ ሲሆን ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ኢትዮጵያዊ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል። ይህን የሰማ ሰው ዛንዚባርንም እንደዚያው ይቆጥራታል፤ ዛንዚባር ግን የታንዛኒያ አካል ናት፣ ቪዛውም አስቀድሞ በኢንተርኔት ይጠየቃል። የምትጠይቁት በአገሩ ኢሚግሬሽን በራሱ ገጽ ይሁን፤ ተመሳስለው የተሠሩ፣ የአገልግሎት እያሉ እጥፍ የሚያስከፍሉ ገጾች ሞልተዋል። በዚያ ላይ ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ እንግዳ ሁሉ የደሴቲቱን መድን መግዛት ግዴታው ሆኗል፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ የጉዞ ዋስትና ቢኖራችሁም ይህን አይተካውም። ሁለት ሰው 88 ዶላር ማለት ነው፤ ብዙ ጥንድ ይህን የሚሰማው ሰልፉ ላይ ቆሞ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች መዝገብ ላይ ስላለች ታንዛኒያም፣ ኬንያም፣ ሲሼልስም ካርዱን ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ አሥር ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዋዜማው መከተብ አይረዳም። አንዴ ከተወሰደ ግን ከ2008 ዓ.ም ሐምሌ ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የቆየ ካርድ ካላችሁ አትጣሉት። የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ካርድ ለመስጠት በተፈቀደለት ጤና ተቋም ነው፤ ከቀበሌው ጤና ኬላ የመጣ ወረቀት አይቆጠርም።

እንግዲህ ስም። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትወርስም፤ የእሷ አባትና አያት ሌላ፣ የእሱ ሌላ። የሆቴል ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም እያለ ይጠይቃል። ባል በራሱ ስም «አቶና ወይዘሮ» ብሎ ይመዘግባል፤ እንግዳ ተቀባዩ የሴቲቱን ፓስፖርት ያይና ሌላ ሰው ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሁለታችሁም ሙሉ ስም በፓስፖርቱ ፊደል፣ አንዲት ሆሄ ሳትዛነፍ፣ ማረጋገጫው ላይ ይጻፍ። በሰማንያ ወይም በቁርባን የተጋባችሁም ብትሆኑ ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የጋብቻ ምስክር ወረቀት አውጡና ቅጂውን ያዙ። ቦሌ ላይ፣ በተለይ ወጣት ሴት፣ የት ትሄጃለሽ መባሏ የተለመደ ነው፤ ያኔም ያግዛል።

ገንዘቡ እዚያ ይሠራል?

ቴሌብር ባሕር ዳርቻ ላይ አያገለግልም። የተለመደው የባንክ ኤቲኤም ካርድም ከአገር ሲወጣ ፕላስቲክ ነው፤ ለውጭ ክፍያ ተብሎ በውጭ ምንዛሪ የተሞላ ካርድ ከባንካችሁ ጠይቁ፤ ቦሌ ሳትደርሱም አንዴ ሞክሩት። ባንኩ ዶላር የሚሸጥላችሁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የባንክና የጥቁር ገበያ ልዩነት ስለጠበበ፣ መንገድ ላይ ከማታውቁት ሰው መግዛቱ ትርፉ አደጋ ብቻ ነው።

ዶላሩን አንድ በአንድ ገልብጣችሁ እዩ። በምሥራቅ አፍሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ በፊት የታተመ የዶላር ኖት አይቀበሉም፤ የተቀደደና የተጻፈበትንም ይመልሳሉ። ውጭ ያለ ዘመድ ለሠርግ የሰጠው፣ ሣጥን ውስጥ የቆየ ዶላር ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው። ታንዛኒያ ከመጋቢት 2017 ዓ.ም ወዲህ በአገር ውስጥ በውጭ ምንዛሪ መገበያየትን ስለከለከለች ለታክሲና ለምግብ ሽልንግ ያስፈልጋል። አየር ማረፊያው ላይ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃ ብቻ ዘርዝሩ።

አንድ ምክር ልጨምር። ገንዘቡን ለሁለት ተካፍላችሁ ያዙ። ባል ሁሉንም በአንድ ቦርሳ ይዞ ቦርሳው ሲጠፋ የሚመጣው ጠብ ከጠፋው ገንዘብ በላይ ነው።

ሻንጣ

ፌስታል የሚባለውን ነገር ቤት ተዉት። ኬንያ በነሐሴ 2009፣ ታንዛኒያ በግንቦት 2011 ከልክለውታል፤ ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ልማዳችን ስለሆነ ፍተሻው ላይ ሻንጣ ማስበርበር አይቀርም። ጫት ኬንያ ውስጥ ይፈቀዳል፣ ታንዛኒያ ግን ወንጀል ነው። የሰቆጣ ነጭ ማር ለወዳጅ ይዞ መሄድ ያምራል፤ ማር ግን እንደ ፈሳሽ ስለሚታይ ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። በትልቁ ሻንጣ ቢገባም የሚደርስበት አገር ጉምሩክ ሊወስደው ይችላል። በሶና ድርቆሽ ይሻላሉ።

ሻንጣው ካልመጣ ከአዳራሹ ሳትወጡ የአየር መንገዱ መስኮት ሄዳችሁ አስመዝግቡና የመዝገብ ቁጥሩን በወረቀት ተቀበሉ። «ሆቴል ደርሰን እንደውላለን» ያለ ሰው ያለ ማስረጃ ይከራከራል። ኢትዮጵያ የፈረመችው የሞንትሪያል ስምምነት ለዘገየ ሻንጣ አቤቱታ ከተረከባችሁ በኋላ 21 ቀን፣ ለተጎዳ 7 ቀን ይሰጣል፤ ካሳው ለአንድ መንገደኛ ቢበዛ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ለመቀየሪያ የገዛችሁትን ደረሰኝ ያዙ። የእያንዳንዳችሁ አንድ ቅያሬ ልብስ በሌላው ሻንጣ ይግባ፤ መድኃኒትና የጋብቻ ቀለበት ከእጅ ሻንጣ አይውጡ።

ከአውሮፕላን እስከ አልጋ

ዋናው ፈተና እዚህ ነው። በረራው መንገድ ላይ ኪሊማንጃሮ የሚያርፍ ከሆነ ሰው ሲነሳ አብራችሁ አትነሱ፤ ማስታወቂያውን አዳምጡ። የዛንዚባር አውሮፕላን ማረፊያ ለስቶን ታውን ከተማ ቅርብ ነው፤ ፎቶ ላይ ያያችሁት ኑንግዊ ግን ሰሜን ጫፍ ላይ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ፓጄም በምሥራቅ በኩል እንደዚያው ነው። ሞምባሳ ላይ ዲያኒ ለመድረስ ወይ በሊኮኒ ጀልባ መሻገር ነው፣ ወይ በዶንጎ ኩንዱ መንገድ መዞር። ማታ ካረፋችሁ የመጀመሪያዋን ሌሊት እዚያው ከተማ እደሩ። በደከመ ሰውነት፣ በጨለማ፣ በማታውቁት መኪና ርቆ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?

መኪናውን ሆቴሉ እንዲልክ አስቀድማችሁ ጻፉና የሾፌሩን ስም፣ ዋጋውን፣ የሚከፈልበትን ገንዘብ በጽሑፍ ተቀበሉ። ሆቴሉን ወኪል ከያዘላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ለሆቴሉ ደውላችሁ «ስማችን አለ? ተከፍሏል?» በሉ፤ በወኪልና በሆቴል መካከል የሚቀር ገንዘብ አለና። ይህን ጥሪ ከሰቆጣ ማድረግ ከደሴቱ ከማድረግ ይረክሳል። ማረጋገጫውን በወረቀት አትሙት፤ ስልክ ባትሪው የሚያልቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ሾፌር ስትቀጥሩ ሰዓቱን አስደግሙ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛው ቀኑን ከንጋት 12 ሰዓት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ የእነሱ ሁለት ሰዓት የእኛ ሁለት ሰዓት ነው። በስዋሂሊ ከተነጋገራችሁ ተግባባችሁ ማለት ነው። ሾፌሩ ግን ለእንግዳ ብሎ በእንግሊዝኛ ሲናገር በፈረንጅ ሰዓት ይሆናል፤ የስድስት ሰዓት ስህተት የሚመጣው ያኔ ነው። «ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ባሕሩ ራሱ

በ2002 ዓ.ም ከተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ካለው ግድብ ጀርባ የተኛውን የተከዜ ሐይቅ ለሚያውቅ፣ በዋግ የሰሃላና የዝቋላ ወረዳ ሰው ትልቅ ውኃ አዲስ አይደለም። ሐይቁ ግን ጠዋትም ማታም እዚያው ነው። የዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለቴ እስከ ኪሎ ሜትር ይሸሻል፤ ጭቃና የባሕር ጃርት የተረፈበት ሜዳ ይቀራል። ተታለልን ያሉ ብዙ ናቸው። ሁልጊዜ መዋኘት የምትፈልጉ ሰሜኑን፣ ኑንግዊንና ኬንድዋን፣ ምረጡ። ዋና የማይችል ሰው ከወገቡ አይለፍ። ከደጋ የመጣችሁ ስለ ወባ ሐኪም አማክሩ። በስቶን ታውን ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።

አዎ ወይስ አይ

ትኬት፣ ሆቴል፣ ቪዛና መድን ከተከፈለ በኋላ ለአዲስ አበባው ሁለት ሌሊትና ለአንድ ያልታሰበ ሌሊት የሚሆን ገንዘብ በእጃችሁ ካልቀረ ዘንድሮ አትሂዱ። ላንጋኖ አለ፤ አሸዋ አለው፣ ቢልሃርዚያ የለበትም፣ ቀለሙ ግን ቡናማ ነው፣ ለፎቶ አይመችም። ጣና ዳር ጎርጎራም አለ፤ የዚያንም መንገድ ሁኔታ ቀድማችሁ አጣሩ። ገንዘቡ ከቀረ ደግሞ ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለታችሁም ለየብቻ፣ ሳትተያዩ፣ ከዚህ በላይ ያሉትን ጥያቄዎች በወረቀት መልሱና አስተያዩ። መልሳችሁ ያልገጠመበት ጥያቄ ካለ ከትኬቱ በፊት እሱን ጨርሱ። ለመመለሻውም ሥራ ከምትገቡበት ቀን በፊት ሁለት ቀን ይትረፋችሁ፤ ከቦሌ ሰቆጣ ያለው መንገድ ስትመለሱም ያው ነው።