ከውሃ ወደ የብስ፦ የእሳት ሆድ ጓጉንቸርን ዕፅዋት ባለበት የውሃ ሣጥን ማራባትና የእጮቹ አስጊ ወቅት

በኮሪያ ልሳነ ምድር፣ በሰሜን ምሥራቅ ቻይናና በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ የሚገኘው የእሳት ሆድ ጓጉንቸር፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቦምቢና ኦሪየንታሊስ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለቤት እንስሳነት ከሚሸጡ እንቁራሪት አስተኔዎች መካከል በእጅጉ ከተለመዱት አንዱ ነው። የአዋቂው ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ ጥቁር ጠቃጠቆ ሲኖረው፣ ሆዱ ጥቁር ጣልቃ የገባበት ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ነው። አደጋ ሲሰማው ጀርባውን አጉብጦ ይህንኑ ቀለም ያሳያል፤ ቆዳው የሚያመነጨው ፈሳሽ መርዛማ መሆኑን ለአዳኙ ማስጠንቀቁ ነው። በተለምዶ ጓጉንቸር ይባል እንጂ በሥነ ሕይወት ምደባ ከእውነተኞቹ ጓጉንቸሮች ቤተሰብ አይቆጠርም፤ ምላሱም ክብ ሆኖ ከአፉ ወለል ጋር የተያያዘ በመሆኑ እንደ እነርሱ ምላሱን ወርውሮ ነፍሳትን አይይዝም።

ለገበያ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ ከዱር የተያዙ መሆናቸው የቆየ ችግር ነው። ስለዚህም በቤት ውስጥ ማራባት የዱሩን እንስሳ ከመያዝ ያድናል የሚለው ሐሳብ በአርቢዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። ሐሳቡ መሠረት አለው። ነገር ግን ትኩረቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እንስሳቱን እንቁላል በማስጣሉ ላይ ነው። ዋናው ፈተና ያለው ከዚያ ወዲያ፣ ጭራ ያለው እጭ፣ ማለትም ታድፖሉ፣ ከውሃ ወደ የብስ በሚሻገርባቸው ጥቂት ቀናት ነው።

እንቁላል ማስጣሉ በአንፃሩ ቀላል ነው። በተፈጥሮ አካባቢው እንስሳው የበረዶውን ወራት ተደብቆ አሳልፎ ሙቀት ሲመለስ ይራባል። አርቢውም ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ዝቅ አድርጎ ለሁለት ወር ያህል ካቆየ በኋላ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ በመመለስ ይህንኑ ዑደት ይከተላል። ወንዱ ለስለስ ባለ ተደጋጋሚ ድምፅ ይጣራል፤ ሴቷንም ከወገቧ ይይዛል። እንቁላሎቹ በነጠላ ወይም በትንንሽ ዘለላ በውሃ ዕፅዋት ላይ ይጣበቃሉ። ወላጆቹ ሊበሏቸው ስለሚችሉ ከነተጣበቁበት ቅጠል ወደ ሌላ የውሃ ሣጥን ይዛወራሉ፤ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥም ይፈለፈላሉ።

በዚህ ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ ያሉትን ዕፅዋት እንደ ጌጥ ብቻ መመልከት ስሕተት ነው። እጮች ያለማቋረጥ ይበላሉ፤ ያለማቋረጥም ይጸዳዳሉ። ከሰውነታቸው ከሚወጣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ የሚመነጨው አሞኒያ ለእነርሱ መርዝ ነው። ናይትሮሶሞናስና ናይትሮስፓይራ የተሰኙ የባክቴሪያ ወገኖች አሞኒያውን በቅድሚያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል፤ ይሁን እንጂ በአዲስ ሣጥን ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በበቂ መጠን እስኪራቡ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ሣጥኑ እንቁላል ከመጣሉ አስቀድሞ ውሃ ተሞልቶና ተክል ተተክሎበት መቆየት ይኖርበታል። ሴራቶፊለም፣ ኤሎዲያና ጃቫ ሞስ የመሳሰሉት ዕፅዋት አሞኒየምን በቀጥታ ለምግብነት ይወስዳሉ፤ ቅጠላቸው ለባክቴሪያዎቹ ማረፊያ ይሆናል፤ በቅጠሉ ላይ የሚበቅለው ስስ የአልጌ ሽፋንም የእጮቹ የመጀመሪያ ግጦሽ ነው። የውሃው ሙቀትና ፒኤች ከፍ ባለ መጠን የአሞኒያው መርዛማነት ስለሚጨምር፣ እጮቹ ፈጥነው እንዲያድጉ ሲባል ውሃውን ማሞቅ በአንድ በኩል የሚያተርፈውን በሌላ በኩል ያጎድላል። የተቀቀለ ሰላጣና የዓሣ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ ያልተበላውም በዕለቱ ይነሳል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን ክፍት በሆነ ዕቃ ይቆያል፤ ክሎራሚን የተጨመረበት ከሆነ ግን መቆየቱ ብቻ ስለማይበቃ ማስወገጃ ኬሚካል ያስፈልገዋል።

እንደ ሙቀቱና እንደ ምግቡ ሁኔታ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆን የፊት እግሮች ብቅ ይላሉ። ጎስነር እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው የእጭ ዕድገት ሰንጠረዥ ይህ 42ኛው ደረጃ ነው። ከዚህ በኋላ ሜታሞርፎሲስ የሚባለው የአካል ለውጥ በታይሮይድ ሆርሞን እየተመራ ይፋጠናል። ስንጥቡ ይጠፋል፤ አተነፋፈሱ ወደ ሳንባና ወደ ቆዳ ይዞራል፤ አልጌ ይፍቅበት የነበረው አፍ ፈርሶ በአዳኝ አፍ ይተካል፤ ረጅሙ አንጀትም ያጥራል። በእነዚህ ቀናት እንስሳው አይመገብም፤ ስንቁ የራሱ ጭራ ነው። በደንብ መዋኘትም ሆነ መራመድ ስለማይሆንለት፣ በውሃ የተወለደው ፍጥረት ውሃ ውስጥ ሰምጦ የሚሞተው በዚሁ ጊዜ ነው። የመስታወት ግድግዳ ቀጥ ያለና ለስላሳ በመሆኑ አያስወጣውም። ስለሆነም የፊት እግር ከመታየቱ በፊት የውሃው ከፍታ ዝቅ ሊል፣ በጠጠር ወይም በቡሽ ተዳፋት መውጫ ሊበጅ፣ ተንሳፋፊ ተክልም ጥቅጥቅ ብሎ ሊኖር ይገባል። ጭራው ካለቀ በኋላ የሚፈለገው ሕያውና ጥቃቅን ምግብ፣ በተለይም የፍራፍሬ ዝንብ፣ የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶበት ይሰጣል። ምግቡ ካሮቲኖይድ ካነሰው የሆዱ ቀለም ወደ ቢጫ ያደላል፤ በቤት ያደጉት ከዱሮቹ የሚለዩበት አንዱ ምልክት ይኸው ነው።

ከመስጠም ሌላ ያለው አደጋ በዓይን አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተገለጸው ባትራኮኪትሪየም ዴንድሮባቲዲስ የተባለው ፈንገስ ኬራቲን ያለበትን የሰውነት ክፍል ያጠቃል። እጭ ኬራቲን ያለው በአፉ ዙሪያ ብቻ በመሆኑ ፈንገሱን ተሸክሞ ጤነኛ መስሎ ሊያድግ ይችላል። የአካል ለውጡ ሲፈጸም ግን ኬራቲን ቆዳውን ያለብሳል፤ ፈንገሱም አብሮት ይስፋፋል። እንቁራሪት አስተኔዎች ውሃና ጨው የሚያመጣጥኑት በቆዳቸው ስለሆነ፣ በሽታው ሲበረታ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ቀንሶ ልብ እስከ መቆም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የታተመ የዘረመል ጥናት የፈንገሱን መነሻ ወደ ኮሪያ ልሳነ ምድር መርቷል፤ ከዚያው ወገን የሆነ ፈንገስም ለንግድ በተጓጓዙ የእሳት ሆድ ጓጉንቸሮች ላይ ተገኝቷል። ዝርያው ከፈንገሱ ጋር አብሮ የኖረ በመሆኑ ብዙም ሳይታመም ሊሸከመው መቻሉ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል። አርቢው የታመመ እንስሳ አያይም፤ የሚጎዱት በውጭ ያሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ፈንገሱንና የቅርብ ዘመዱን ቢያንስ ለ501 ዝርያዎች መመናመን ምክንያት አድርጎ፣ ከእነዚህም 90ዎቹ ጨርሰው እንደጠፉ ገምቷል። ማራባት በራሱ ከዚህ አያድንም። በስፔን ማዮርካ ደሴት ብርቅዬውን አዋላጅ ጓጉንቸር ለመታደግ በእንክብካቤ ተራብተው የተለቀቁ እንስሳት ፈንገሱን ይዘው መሄዳቸውን እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አመልክቷል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይኸው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች በበርካታ ዝርያዎች ላይ መኖሩን አሳይቷል፤ በባሌ ተራሮችና በሐረና ጫካ ደግሞ በሌላ አገር የማይገኙ እንቁራሪት አስተኔዎች ይኖራሉ።

የፈንገሱ ዘር በውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ ፈጽሞ መድረቅን ግን አይችልም። በመሆኑም አዲስ የተገዛ እንስሳ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው ተለይቶ ይቆያል፤ ከቆዳው በጥጥ የተወሰደ ናሙናም በላቦራቶሪ ይመረመራል። ከሣጥኑ የተቀዳ ውሃ በበረኪና ሳይታከም ወደ ቦይ ወይም ወደ አትክልት ሥፍራ አይደፋም። መረብና ጠጠሩ ዳግም ከመዋላቸው በፊት ሙሉ በሙሉ ይደርቃሉ። የተገረዘው የውሃ ተክልም ደርቆ ይጣላል እንጂ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አይገባም። ከአንድ ጥንድ የሚገኙት እጮች ሣጥኑ ከሚችለው በላይ ሲበዙም መፍትሔው ትርፎቹን እንቁላሎች ገና ሳይፈለፈሉ ማስወገድ ነው፤ ያደጉትን ወደ ውጭ መልቀቅ ግን አይፈቀድም።