የሳይንስ ቃላት በዕለታዊ ንግግር

ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፣ አንድ ቃል በሳይንስና በዕለታዊ ንግግር የሚይዛቸውን ፍቾች ለይታችሁ በድርሰታችሁ ውስጥ በየቦታቸው ትጠቀማላችሁ።

አንድ ቃል ከሙያ መስክ ወጥቶ በሕዝብ አፍ ሲለመድ፣ ወይም ከሕዝብ አፍ ተወስዶ የሙያ ቃል ሲሆን፣ ፍቹ እንደ ነበረ አይቆይም። አንዳንድ ጊዜ ይጠብባል፤ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሌላ ነገር ይዛወራል። የሚከተሉትን ምሳሌዎች ተመልከቱ።

ሀ. የፍች መጥበብ

«ሥራ» በዕለታዊ ንግግር ሰው የሚደክምበትን ሁሉ ያጠቃልላል። በፊዚክስ ግን አንድ አካል ተገፍቶ ወይም ተስቦ ካልተንቀሳቀሰ ሥራ ተሠራ አይባልም። ስለዚህ አንድ ኩንታል እህል ተሸክሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው፣ ላቡ ቢንጠፈጠፍም፣ በፊዚክስ ቋንቋ በኩንታሉ ላይ ሥራ አልሠራም። ይሁን እንጂ አሠሪው ይህን ምክንያት አድርጎ ዋጋውን ሊከለክለው አይችልም። ሁለቱም ፍቾች በየቦታቸው ትክክል ናቸውና።

ለ. የፍች መዛወር

«ባትሪ» በሳይንስ በኬሚካዊ ለውጥ አማካይነት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እንዲህ ያለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1800 ለሊቃውንት አሳወቀ። በእኛ ዘንድ ግን «ባትሪውን አብራ» ሲባል የእጅ መብራቱን ማለት ነው። የክፍሉ ስም ለሙሉው ዕቃ ተሰጠ፤ በውስጡ የሚገባው ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ተባለ።

ሐ. «አለው» እና «አለበት»

1. አበበ ጨጓራ አለው።
2. አበበ ጨጓራ አለበት።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ማንኛውም ሰው ቢነገር እውነት ነው። ሁለተኛው ግን አበበ የጨጓራ ሕመምተኛ መሆኑን ይገልጻል። ልዩነቱን ያመጣው «በት» የሚለው ቅጥያ ነው። ይህ ቅጥያ «ዕዳ አለበት» እንደሚባለው ሁሉ ሸክምን ወይም ጉዳትን ያመለክታል። «ስኳር አለበት» የሚለውም እንዲሁ ነው። የጤነኛ ሰው ደምም ስኳር አለው፤ በሽታ የሚባለው መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ነው።

መ. «ደም ብዛት» እና «ደም ማነስ»

እነዚህ ሁለት ስሞች ሲሰሙ ተቃራኒዎች ይመስላሉ። በሕክምና ግን ተቃራኒዎች አይደሉም። «ደም ብዛት» የተባለው በሽታ የደም መብዛት ሳይሆን፣ ደም በደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ከፍ ማለት ነው። የጤነኛ ጎልማሳ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ120 በ80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብዙም አይርቅም፤ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። «ደም ማነስ» ደግሞ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ማነስ ነው። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይችላሉ።

እንግዲህ ደም ማነስ ያለበት አንድ ሕመምተኛ «ደም ብዛትም አለብህ» ቢባል፣ «ያነሰ ደም እንዴት ይበዛል?» ብሎ መድኃኒቱን ሊተው ይችላል። ከፍተኛ የደም ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። እዚህ ላይ የአንድ ቃል ፍች አለመለየት ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ሠ. በድርሰት ጊዜ

ታሪክ ስትጽፉ ባለታሪኮቻችሁ እንደ ልማዳቸው ይናገሩ፤ በልቦለድ ውስጥ ያሉ አንዲት አያት «ደም ብዛቴ ተነሣብኝ» ቢሉ ያምርባቸዋል። ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ ግን፦

1. ቃሉን በየትኛው ፍች እንደምትጠቀሙበት በመጀመሪያ አስታውቁ፤
2. በዚያው ፍች እስከ መጨረሻው ጽኑ፤
3. አንባቢው የለመደውን ቃል አትናቁበት፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ወደ ሳይንሳዊው ፍች ምሩት።

መልመጃ

1. «ኩላሊት አለው» እና «ኩላሊት አለበት» የሚሉትን ሐረጎች ልዩነት አስረዱ።
2. «ጨው»፣ «ሙቀት» እና «ክብደት» እያንዳንዳቸው በሳይንስና በዕለታዊ ንግግር ምን ፍች አላቸው? ለእያንዳንዱ ፍች አንድ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።
3. ደም ማነስና ደም ብዛት በአንድ ሰው ላይ እንዴት ሊገኙ እንደሚችሉ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ አንድ ጎረቤታችሁ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።